አርባ ሺህ ዎን

ከውጭ አገር የተመለሰ ተማሪ ስለ ፈጣን ባቡርና ስለ ሰማይ ጠቀስ ፎቅ እንዲያወራ ይጠበቅበታል። እኛ ግን ስለ አንድ ነጭ ፖስታ ልንጽፍ ነው። ፖስታው ከመዳፍ እምብዛም የማይበልጥ፥ ከማንኛውም ሱቅ በርካሽ የሚገዛ ነገር ነው። ይሁን እንጂ በኮሪያ በቆየንባቸው ዓመታት ከፈተና ይልቅ እንቅልፍ የነሣን እርሱ ነው።

እኛ ስንል ሁለት ነን። በአንድ ላቦራቶሪ የምንሠራ፥ በአንድ ክፍል የምናድር፥ አንድ ድስት የምንካፈል ነበርን። አሁን አንዳችን አዲስ አበባ ገብቶ ሌላው እዚያው ቀርቷል፤ ይህንንም ጽሑፍ የጻፍነው በስልክ እየተላላክን ስለ ሆነ፥ አንዳንድ ቦታ ላይ ሐሳባችን ቢጋጭ አንባቢ ይታገሠን። የዓመቶቹ ቁጥር ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ነገሩ የተጀመረው በአንድ ማክሰኞ ቀን ነው። በላቦራቶሪያችን ውስጥ በዕድሜም በትምህርትም የሚቀድመን አንድ የዶክትሬት ተማሪ ነበረ። በዚያ አገር እንዲህ ያለውን ሰው በስሙ አይጠሩትም፤ «ሰንቤ» ይሉታል፤ በእኛ ዘንድ «ጋሼ» ከምንለው ብዙ የራቀ አይደለም። ኋላ የመጣው ደግሞ «ሁቤ» ነው። ሰንቤ ያስተምራል፥ ይቆጣል፥ ምሳም ይጋብዛል፤ ሁቤ ይታዘዛል፥ ይበላልም። እኛ በሁለተኛው ማዕርግ በተለይም በመብላቱ በኩል ብርቱዎች ነበርን። ያ ሰንቤአችን የልጁን የመጀመሪያ ዓመት በዓል ምክንያት አድርጎ በስልካችን የጥሪ ወረቀት ሰደደልን። አንዲት ጉንጫም ሕፃን «ሀንቦክ» የሚባለውን ባለ ቀለም የአገር ልብስ ለብሳ በሥዕሉ ላይ ተቀምጣለች፤ ከሥዕሉ በታች የአዳራሹ ካርታ፤ ከካርታው በታች ደግሞ የባንክ ሒሳብ ቁጥር ተጽፏል። ከቁጥሩ በላይ «ልብዎን የሚያደርሱበት ቦታ» የሚል አለ። አንዳችን ይህን አይቶ «ልቤ የሒሳብ ቁጥር እንዳላት እስከ ዛሬ አላወቅሁም ነበር» አለ፤ ሳቅን። ሳቃችን ግን ብዙ አልቆየም፤ ምን ይዘን እንሂድ የሚለው ጥያቄ ተከተለ።

ያን ሌሊት የተከራከርነውን ክርክር ለፈተና ተከራክረን አናውቅም። አንዱ ወገን «ለሕፃን ልብስ ወይም መጫወቻ መግዛት ነው እንጂ ገንዘብ መስጠት ሰውን ለማኝ ማድረግ ነው» አለ። ሌላው ወገን «አንተ የአራስ ቤት ስትሄድ ከትራስ ሥር ብር የምትሸጉጠው ለማን ነው?» ሲል መለሰ። በማግሥቱ ሰው ለመጠየቅ ተስማማን፤ ይህም ሌላ ችግር አመጣ። የጠየቅናቸው የሥራ ባልደረቦች ሁሉ መጀመሪያ «በልባችሁ የመጣውን ያህል» ይሉናል፤ ጥቂት ቆይተው ደግሞ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው አንድ ቁጥር ይነግሩናል፤ ቁጥሩም ከአንዱ ሰው ወደ ሌላው ይለያያል። አንዱ፥ ካልሄዳችሁ ሃምሳ ሺህ፥ ሄዳችሁ ከበላችሁ መቶ ሺህ አለን። ሌላይቱ፥ ለተማሪ ሠላሳ ሺህም አይነወርም አለች። ሦስተኛው፥ «ሰውዬው ለእናንተ ምን ያህል ሰጥቷችሁ ያውቃል?» ብሎ ጠየቀን። ምንም ሰጥቶን አያውቅም፥ አልተጋባንም አልወለድንም አልነው። «እንግዲያው እናንተ ናችሁ የምትጀምሩት» አለን። ይህ ንግግር ምን ማለት እንደ ሆነ በዚያን ጊዜ አልገባንም።

በተማሪዎች ምግብ ቤት አንድ ምሳ አምስት ሺህ ዎን ያህል ያወጣ ስለ ነበር፥ ሃምሳ ሺህ ማለት ዐሥር ምሳ ነው፤ መቶ ሺህ ማለት ደግሞ ሃያ ምሳ ነው፤ እኛም ሒሳቡን ሁሉ በምሳ ነበር የምናሰላው።

ቀድሞ ዋጋው እንዲህ አልነበረም ይላሉ። እስከ 2009 ድረስ የአገሩ ትልቁ ኖት 10,000 ዎን ስለ ነበር፥ ሦስት ኖት ከፖስታ ውስጥ ገብቶ ሠላሳ ሺህ መሆኑ የተለመደ ነበር። በ2009 የ50,000 ኖት በወጣ ጊዜ ግን አንድ ወረቀት ብቻ መክተት ቀለለና ሃምሳ ሺህ ዝቅተኛው መደብ ሆኖ ቁጭ አለ። በዚህ ኖት ላይ ያለችው ሺን ሳይምዳንግ የምትባል የ16ኛው መቶ ዓመት ሠዓሊት ናት፤ በ5,000 ኖት ላይ ያለው ሊቅ ደግሞ ልጇ ነው። እናት ከልጇ ዐሥር እጅ የምትበልጥበት ሌላ አገር ያለ አይመስለንም።

ከገንዘቡ በፊት የነበረውን እውነተኛውን የአንድ ዓመት ስጦታ ግን ላቦራቶሪውን የሚያጸዱት እናት ነገሩን፤ ወርቅ ነው። አንድ «ዶን» የሚመዝን፥ ይኸውም 3.75 ግራም የሆነ፥ ንጹሕ የወርቅ ቀለበት ለሕፃኑ ይሰጣል። ሕፃኑ አያደርገውም፤ ለክፉ ቀን ይቀመጥለታል። ክፉውም ቀን በአገር ደረጃ መጥቶ ነበር። በ1997 መጨረሻ አገሪቱ ዕዳዋን ለመክፈል አቅቷት ከዓለም የገንዘብ ድርጅት ስትበደር፥ በ1998 መጀመሪያ ላይ ሕዝቡ ከየሣጥኑ ወርቁን እያወጣ መሰለፍ ጀመረ። ዋጋው በኋላ እየታሰበለት ወደ 3.5 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ወደ 227 ቶን የሚጠጋ ወርቅ አስረከበ፤ ወርቁም ቀልጦ ለውጭ አገር ተሸጠ። ከዚያ ውስጥ የልጆች የልደት ቀለበትም ነበረ። እኒያም እናት የሁለት ልጆቻቸውን ቀለበት ያን ጊዜ እንደ ሰጡ ነገሩን፤ ሲናገሩም መጥረጊያቸውን አላቆሙም። ዛሬ የወርቁ ዋጋ ንሮ በ2025 አንድ ዶን ከአምስት መቶ ሺህ ዎን በላይ ስለ ሄደ፥ የሥራ ባልደረባ ቀለበት መስጠቱ እየቀረ፥ ቀለበት የአያቶችና የአጎቶች ድርሻ ሆኗል፤ አንዳንዱም አንድ ግራም ብቻ የሚመዝን ቀለበት ያሠራል። ስለዚህ ከወርቁ ወደ ፖስታው ተመለስን።

በመጨረሻ የደረስንበት ውሳኔ ይህ ነው። ሁለታችን በአንድ ክፍል የምንኖር፥ እንደ አንድ ቤተሰብ የምንቆጠር ስለ ሆንን፥ አንድ ፖስታ ይበቃናል፤ እያንዳንዳችን ሃያ ሃያ ሺህ እናዋጣለን፤ በድምሩ አርባ ሺህ ይሆናል፤ ይህም ከሠላሳው ከፍ፥ ከሃምሳው ዝቅ ያለ፥ ለተማሪ የሚስማማ፥ ጨዋ የሆነ አማካይ ነው። በዚህ ጥበባችን ራሳችንን አደነቅን። አዲስ ኖት ከባንክ አስለወጥን፤ ስማችንንም በፖስታው ጀርባ፥ በግራው ጠርዝ በኩል፥ እንደ ልማዱ ከላይ ወደ ታች ጻፍን።

በዓሉ የዋለው ቅዳሜ ነበር። ከአዳራሹ በር ላይ ጠረጴዛ አለ፤ ከጠረጴዛው በኋላ የሰንቤአችን እናት ሀንቦካቸውን ለብሰው ተቀምጠዋል፤ ከፊታቸው ትልቅ መዝገብ ተዘርግቷል። ፖስታውን በሁለት እጃችን፥ ጎንበስ ብለን ሰጠናቸው፤ ይህ እንኳ ከቤታችን ይዘነው የሄድነው ስለ ሆነ ማንም አላስተማረንም። እርሳቸውም በሁለት እጃቸው ተቀበሉን። በሰጪው ፊት ፖስታ መክፈት ነውር ነው፤ ይህም ከእኛ ጋር አንድ ነው። ነገር ግን እኛ ወደ ውስጥ አልፈን አንዴ ዞር ስንል፥ ፖስታው ተከፍቶ፥ ተቆጥሮ፥ ስማችን በመዝገቡ ላይ ሲጻፍ አየን። ደነገጥን። በእኛ አገርም በሠርግና በልቅሶ ገንዘብ ይጻፋል፤ የእድር ጸሐፊ ምን ሥራ አለው? ግን ገና ሕፃን ልጅ ስትስቅ፥ ሙዚቃ ሲሰማ፥ በር ላይ ሒሳብ ሲያዝ ማየት የከበደን መሆኑን አንደብቅም። አንዳችን «ግብር ከፍለን ገባን» አለ።

የዚያን ቀን ዋናው ነገር «ዶልጃቢ» ይባላል። ሕፃኒቱን ከአንድ ዝቅተኛ ጠረጴዛ ፊት ያስቀምጧታል፤ በላዩም የክር ጥቅል፥ እርሳስ፥ ገንዘብ፥ ሩዝ፥ ከዘመኑም ወዲህ የሐኪም ማዳመጫና የዳኛ መዶሻ ይደረደራል፤ አንሥታ የያዘችው ዕድሏ ነው። እርሳስ ከሆነ ትማራለች፤ ገንዘብ ከሆነ ትከብራለች፤ ክር ከሆነ ዕድሜዋ ይረዝማል። አባትየው ማዳመጫውን ወደ ፊት ገፋ ገፋ ሲያደርግ አየነው። ሕፃኒቱ ግን ሁሉንም ትታ ክሩን ጨበጠች፤ ከዚያም ወደ አፏ ወሰደችው። አያቶች አጨበጨቡ። እኛም አጨበጨብን፤ በላን፤ እንዲያውም ከሁሉ አብልጠን ሳንበላ አልቀረንም። ስንወጣ የልጅቱ ስም የተጠለፈበት ፎጣ ለየራሳችን ተሰጠን። ፎጣው እስከ ዛሬ አለ።

ሰኞ ዕለት ሰንቤአችን ነጭና ቀይ የሩዝ ኬክ በካርቶን ይዞ ላቦራቶሪ ገባ። ያልመጡትም ሳይቀሩ የበዓሉን ኬክ መቅመስ አለባቸው። ከዚህ የሚቀድመው የመቶኛው ቀን በዓል ሲሆን፥ በዚያ ጊዜ ነጩ የሩዝ ኬክ ለመቶ ቤት ቢዳረስ ለልጁ ዕድሜ ይሆነዋል ይሉ ነበር፤ የተቀበለውም ጎረቤት ሳሕኑን ባዶውን አይመልስም፤ ክር ወይም ሩዝ ያኖርበታል። እናቶቻችን ይህን ቢሰሙ ደስ ይላቸዋል። ኬኩን እየበላን ሳለ ከጎናችን የሚሠራው ልጅ፥ እንደ ቀልድ አድርጎ፥ ስንት እንዳስገባን ጠየቀን። በኩራት «አርባ ሺህ» አልነው። ማኘኩን አቆመ።

ክቡራን አንባብያን፤ ኮሪያውያን በዐሥር ሺህ በዐሥር ሺህ ይቆጥራሉ፤ ዐሥር ሺህ «ማን» ይባላል። ስለዚህ የእኛ አርባ ሺህ በእነርሱ አፍ «ሳማን»፥ አራት ማን ነው። «ሳ» አራት ነው። «ሳ» ደግሞ በቻይናው ፊደል ሌላ ሆኖ ሲጻፍ ሞት ነው። አንዳንድ ሕንፃ አራተኛ ፎቁን በቁጥር አይጠራውም። የደስታ ገንዘብ አንድ፥ ሦስት፥ አምስት፥ ሰባት እየተባለ በጎደሎ ቁጥር ይሄዳል፤ ጎደሎው የብርሃን ወገን ነው ይላሉ፤ ዐሥር ብቻ ሙሉ ስለ ሆነ ይፈቀድለታል። እንግዲህ እኛ ጨዋ አማካይ ነው ብለን፥ ለአንዲት የዓመት ልጅ፥ በአዲስ ኖት አድርገን፥ በሁለት እጃችን፥ ሞትን አበርክተናል ማለት ነው።

ለእኛ እኮ በአርባ ውስጥ ምንም ክፋት የለበትም! ወንድ ልጅ ክርስትና የሚነሣው በአርባ ቀኑ ነው፤ ጌታ የጾመው አርባ ነው። ይህን ለልጁ አስረዳነው። እርሱም በጥሞና ሰምቶ፥ «ግን ሌላም አርባ አላችሁ አላላችሁኝም ነበር?» አለ። አዎን፥ ነግረነው ነበር፤ የሞተ ሰው በአርባ ቀኑ ተዝካሩ ይወጣል። ዝም አልን።

ዐሥር ሺህ ጨምረን ሃምሳ እናድርገው ብለን ነበር። ሁሉም ከለከሉን፤ የደስታ ገንዘብ አንድ ጊዜ ከገባ በኋላ መጨመር ዕዳ መክፈል ይመስላል፥ ለልጅቱም አይበጅም አሉን። ስለዚህ አንድ ዓመት ሙሉ ሰንቤአችንን ባየን ቁጥር እያፈርን ኖርን። ልጅቱ ጉንፋን ያዛት በተባለ ጊዜ አንዳችን ምሳውን ሳይጨርስ ተነሣ። በአጉል እምነት የማናምን፥ የሳይንስ ተማሪዎች ነን፤ ቢሆንም ክሩን መያዟን እያስታወስን እንጽናና ነበር።

በዚያው ዓመት ሌላም ጥፋት አጠፋን። የላቦራቶሪያችን ፕሮፌሰር እናት ሰባኛ ዓመታቸውን የሚያከብሩ መሆናቸውን ሰማን። ቀድሞ የሚከበረው ስድሳኛው ነበር፤ የዘመን አቆጣጠራቸው በስድሳ ዓመት አንድ ዙር ስለሚሞላ፥ ስድሳ መድረስ ትልቅ ነገር ነበር፤ አሁን ሰው ዕድሜ ስላገኘ ስድሳው ቀለለና በዓሉ ወደ ሰባ ተገፋ። ከአገር ቤት የተላከልን አንድ ኪሎ የይርጋ ጨፌ ቡና ነበረን። በጥሩ ወረቀት ጠቅልለን ወደ ቢሮአቸው ገባን። ፕሮፌሰሩ ተነሥተው አመሰገኑ፤ እጃቸውን ግን ወደ ኋላ አደረጉ። አይቀበሉም። ለመንን፤ አይሆንም አሉ። በእኛ አገር ስጦታን መመለስ ምን ያህል ስድብ እንደ ሆነ ለማንም መንገር አያሻንም፤ ፊታችን ጠቁሮ ወጣን።

በኋላ እንደ ተረዳነው ያ የሕግ ጉዳይ ነበር። በመስከረም 2016 አንድ ሕግ በሥራ ላይ ውሏል፤ ሐሳቡን ባመነጩት በቀድሞዋ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ ስም «የኪም ዮንግ ራን ሕግ» ይሉታል። የመንግሥት ሠራተኛ፥ መምህር፥ ጋዜጠኛ ሊቀበል የሚችለውን ልክ ይወስናል። የሠርግና የልቅሶ ገንዘብ መጀመሪያ እስከ 100,000 ዎን፥ ከ2018 ወዲህ ደግሞ እስከ 50,000 ዎን ብቻ ነው። የልጅ ልደትና የሰባኛ ዓመት በዓል ከነጭራሹ በዚህ መደብ ውስጥ አልገቡም። ማርክ የሚሰጥ መምህርማ ከሚያርመው ተማሪ ምንም፥ አንዲት ጽጌረዳ እንኳ፥ መቀበል አይችልም። ይህን ካወቅን በኋላ ቁጣችን ወደ ሌላ ስሜት ተለወጠ፤ ምክንያቱም እኛ ከአገራችን ቡና ተቀብሎ ማርክ የማይለውጥ ሰው መኖሩን እንጂ ቡና የማይቀበል ሰው መኖሩን ሰምተን አናውቅም ነበር። ቡናው ግን አልባከነም። በላቦራቶሪው ወጥ ቤት ቆልተን ለሁሉ አፈላን፤ የጢስ ማስጠንቀቂያው ደወል ጮኸ፤ ፕሮፌሰሩም ሮጠው መጥተው፥ ሽታውን ቆመው አሸትተው፥ ስኒ ሳያነሡ ተመለሱ።

መንግሥት በዚህ ነገር ውስጥ እጁን ሲያስገባ ይህ የመጀመሪያው አይደለም። በፓርክ ቹንግ ሂ ዘመን፥ በ1969፥ የቤተሰብ ሥርዐት ደንብ ወጣ፤ በ1973 ደግሞ ቅጣት ተጨምሮበት የጥሪ ወረቀት ማተም፥ የአበባ ጉንጉን መደርደር፥ ለእንግዳ ምግብና መጠጥ ማቅረብ፥ የመልስ ስጦታም መስጠት ተከለከለ። ድሀ አገር ለድግስ ገንዘቧን አታባክን ተብሎ ነው። ያ ሕግ በ1999 በለዘበ ሕግ ተተካ። ድግሱ ግን እንደምናየው አልሞተም፤ ፎጣችን ምስክር ነው።

ከሁሉ ይልቅ ያነጋገረን ነገር «ፑማሺ» የሚሉት ነው። ዛሬ እኔ የአንተን እርሻ አርማለሁ፥ ነገ አንተ የእኔን ታርማለህ፤ ይህ ወንፈል ነው፥ ሌላ ትርጉም አያስፈልገውም። «ግዬ» የሚሉትም እቁብ ነው። የነጩ ፖስታ መሠረቱ ይኸው ወንፈል ነው፤ እርሻው ቀርቶ ገንዘቡ ብቻ ቀረ። መዝገቡ የሚያዘው ለዚህ ነው፤ ነገ የእንግዳው ልጅ ሲያገባ፥ ወላጁ ሲሞት፥ ያን ያህል ተመልሶ ይሄድለታል፤ ያነሰ እንደ ሆነ ቅሬታ ነው፤ የበዛ እንደ ሆነ ሌላ ዕዳ ነው። የሥራ ባልደረቦቻችን ራሳቸው ይማረሩበት ነበር። በጸደይ ወራት የወር ደመወዛቸው ግማሹ በፖስታ ሲሄድ እያየን፥ «ለምን አትተዉትም?» ስንላቸው፥ «የሰጠነውንስ ማን ይመልስልናል?» ይሉናል። ይህ ደግሞ እኛ በልጅነታችን ከእናቶቻችን የሰማነው ነው። በተለይ የሚማረሩት የማያገቡት ናቸው። በ2023 አንዲት ሴት በዕድሜዋ የምትወልደው በአማካይ 0.72 ልጅ ነበር፤ በ2024 ጥቂት ከፍ ብሎ 0.75 ሆነ። እንግዲህ የሚወልድ ሲጠፋ የዓመት በዓል ይጠፋል፤ የሰጠ ሰው የሚቀበልበት ቀን አይመጣም።

አዲስ አበባ ያለው ወገናችን ይህን ሁሉ «ፍቅር በሒሳብ መዝገብ» ብሎ ይተቸው ነበር፤ አሁንም ፈጽሞ አልተወውም። ሌላው ወገን ግን ከሚከተለው ነገር በኋላ ሐሳቡን ለወጠ።

ልደቱ ካለፈ ከዓመት በኋላ፥ ከሁለታችን የአንዱ አባት ደብረ ማርቆስ ላይ ዐረፉ። የማናችን አባት እንደ ሆኑ መለየት አስፈላጊ አይመስለንም። ወሬው የደረሰን ከተቀበሩ በኋላ ነው፤ መሄጃም ገንዘብ አልነበረም። በሁለት ሜትር ስፋት ክፍል ውስጥ ምን ዐይነት ልቅሶ ይለቀሳል? አንዳችን እያለቀሰ፥ አንዳችን ከፓኪስታኖች ሱቅ ሽምብራ ገዝቶ ንፍሮ እየቀቀለ ሳለ፥ ማታ በአንድ ሰዓት በሩ ተንኳኳ። የላቦራቶሪው ሰው በሙሉ ጥቁር ለብሶ በኮሪደሩ ተሰልፏል። ጫማቸውን አውልቀው በየተራ ገቡ። በአገራቸው ሥርዐት ለሟቹ ፎቶግራፍ ሁለት ጊዜ ይሰገዳል፤ እኛ ግን ከስልክ በቀር ፎቶግራፍ አልነበረንም። ስልኩን በመጽሐፍ አስደግፈን ጠረጴዛው ላይ አቆምነው፤ ጋቢ የለበሱ፥ በኮሪያ ምድር እግራቸውን አንሥተው የማያውቁ አንድ ሽማግሌ ከትንሹ መስተዋት ውስጥ እያዩአቸው፥ አንድ በአንድ ሰገዱ። መብራቱ በጠፋ ቁጥር እየነካን እናበራው ነበር። ንፍሮውን ቆነጠሩ። ሲወጡ እያንዳንዳቸው ነጭ ፖስታ በሁለት እጃቸው ትተው ሄዱ።

ዐሥራ አንድ ፖስታ ነበር። ዐሥሩ ሃምሳ ሃምሳ ሺህ፥ የታናሹ ተማሪ ደግሞ ሠላሳ ሺህ፤ በድምሩ 530,000 ዎን። ከእነዚያ ሰዎች ውስጥ እኛ ከዚያ በፊት ፖስታ የሰጠነው ለአንዱ ብቻ ነው፤ ምን እንደ ሰጠነውም አንባቢ ያውቃል። ገንዘቡ አገር ቤት ተልኮ የአርባው ተዝካር ወጣበት። እዚያ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ የበላው ደሀ ሁሉ የማን እንግዳ እንደ ነበረ አላወቀም።

ያን ጊዜ ሳንነጋገር ወረቀት አወጣንና ዐሥራ አንዱን ስም፥ ከስሙም አጠገብ ቁጥሩን ጻፍን። ማንም አላዘዘንም። ወረቀቱን ከአልጋው በላይ ለጠፍነው። በሳምንቱ ሰንቤአችን ሊጠይቀን ሲመጣ ዐይኑ እዚያ ላይ ዐረፈና፥ ከመጣ ጀምሮ ያልሳቀው ሰው፥ ሳቀ። «አሁን ኮሪያዊ ሆናችኋል» አለን። እኛም ዓመት ሙሉ የተሸከምነውን አወጣነው፤ ስለ አርባው ሺህ ይቅርታ ጠየቅነው። ነገሩ መጀመሪያ አልገባውም። ለሚስቱ ደወለ፤ እርስዋም የመዝገቡን ገጽ ፎቶግራፍ አንሥታ ላከች። በገጹ ላይ አርባ የሚባል ነገር የለም። የመጀመሪያው ስም፥ 20,000። ከሥሩ ሁለተኛው ስም፥ 20,000። እናቱ በበሩ ላይ ተቀምጠው ፖስታውን ሲከፍቱ፥ አራቱን ቁጥር ከልጅ ልጃቸው ስም ጋር በአንድ ገጽ ላይ መጻፍ ስላልወደዱ፥ ለሁለት ከፍለው በሁለት መስመር ጻፉት። ለማንም አልነገሩም። ሃያ ሺህ ይዞ መምጣት ደግሞ ምን ያህል የሚያስወራ መሆኑን ያን ጊዜ እኛም ዐውቀን ነበር።

ከዚያ በኋላ ዝርዝሩን እያየን መክፈል ጀመርን። ሁለቱ አገቡ፤ ተሰረዙ። የአንደኛው አያት ሞቱ፤ ተሰረዘ። አንዲቱ ባልደረባችን ግን አላገባም፥ አልወልድም ብላ የቆረጠች ናት። ለእርስዋ በምን እንመልስ ብለን ብንጠይቃት፥ «ሰባ ዓመት ሲሞላኝ ኑ» አለችን። አስልተን «2063» ብለን ከስሟ አጠገብ ጻፍን።

አሁን የቀሩት አምስት ናቸው። ሰንቤአችን ሁለተኛ ልጅ ወልዷል፤ የዓመት በዓሉ በመጪው ሚያዝያ ነው። ፖስታው ተገዝቷል፤ የሁለታችንም ስም ከላይ ወደ ታች ተጽፎበታል፤ ውስጡም መቶ ሺህ እንዲሆን ተስማምተናል፤ አያትየው ከፈለጉ ሃምሳ ሃምሳ አድርገው ይጻፉት። ያልተስማማነው አዲስ አበባ ያለው ወገን ድርሻውን በምን ይላክ በሚለው ነው። እርሱ በቡና ልላከው ይላል። ኮሪያ ያለው ደግሞ ቡና በመዝገቡ ላይ ስንት ተብሎ ይጻፋል ብሎ ይከራከራል።